በልብስ ሳሙና የታጠቡ ብልቃጦች

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ እጆቼ አበሩ።

ቀልድ አይደለም። «ቀልድ አይደለም» የምትለዋን ቃል በዚህ ሕንፃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳባከንኳት ስለማውቅ ግን ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

ሩናር እባላለሁ። በርገን ከተማ፣ ከወደቡ በላይ ባለ አንድ የምርምር ቤት ዕቃ አጣቢ ነኝ። ከአሥረኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ምክንያቱን ለሦስት ሰዎች በሦስት ዓይነት መንገድ ነግሬያቸው ሦስቱም አምነውኛል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ኢዱን አለች። ኢዱን ፖሊመር ትሠራለች። ፖሊመር ማለት፣ እሷ ስታስረዳኝ እንደገባኝ፣ በዓይን የማይታይ ረጅም ክር ነው። ክሩ ላይ ቀለም ትሰካበታለች። አንደኛው ክር ሙቀት ሲነካው ይኮማተርና በወይንጠጅ መብራት ሥር ቦግ ይላል። ሁለተኛው ክር፣ ዓሣ መበላሸት ሲጀምር የሚወጣውን ትነት ሲያገኝ ሰማያዊ ሆኖ ይፈካል። ዓሣው ፀሐይ ላይ ይዋል፣ ይሽተት፣ አፍንጫ ሳያስፈልግ ከሳጥኑ ላይ ይነበባል ማለት ነው።

ከኢዱን ጋር እንዋደዳለን። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ያውቃሉ፣ የጥበቃው ውሻ ሳይቀር ያውቃል። የማታውቀው ኢዱን ብቻ ናት። በኅዳር ወር የሙቀቱን ክር ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ቀብታ የእጄ አንጓ ላይ አሰረችው። ክንዴን ይዛ ጎንበስ ስትል ፀጉሯ አገጬን ነካው። ቁራጯ እንደ ፋኖስ ፈካች። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? «ሠላሳ አራት ነጥብ ሁለት ዲግሪ» ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ፍቅራችን የሚካሄደው በማስታወሻ ወረቀት ነው። እኔ የታጠቡትን ብልቃጦች በቅርጫት እልካለሁ፣ እሷ የቆሸሹትን ከወረቀት ጋር ትመልሳለች። «ሩናር፣ ብልቃጦቹ ላይ ነጠብጣብ አለ። ኢዱን።» «ሩናር፣ አልለቀቀም። በብሩሽ አትፈትግ። ኢዱን።» «ሩናር፣ በሙቅ ውኃ አይደለም ብዬሃለሁ። ነጠብጣቡ እንዳለ ነው። ኢዱን።» ለሌላው ሰው ግጥም ይደርሰዋል፤ ለእኔ ነጠብጣብ።

በመጋቢት ትዕግሥቴ አለቀና ከደሴታችን የእናቴን የልብስ ሳሙና ይዤ መጣሁ። የእናቴ ሳሙና እንዲሁ ሳሙና አይደለም። የተሰጣ አንሶላዋን ያየ የመርከብ ካፒቴን የበረዶ ተራራ መስሎት መርከቡን ወደ ሼትላንድ አዙሯል። ብልቃጦቹን በእሱ ዘፍዝፌ ላክኋቸው። በዚያው ቀን መልስ መጣ። «ሩናር፣ እንደ አልማዝ። ኢዱን።» ከስሟ አጠገብ ልብ የምትመስል ነገር ነበረች። የሥራ ባልደረባችን ቶርዲስ የቀለም ጠብታ ነው ትላለች፤ ቶርዲስ ግን ሁለቴ የተፋታች ሴት ናት።

በዚያው መጋቢት የኢዱን ክር ተአምር ሠራ። ድሮ የዓሣውን ሽታ የሚያውቀው በአራተኛው ቀን ነበር፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ ድመትም ታውቃለች። አሁን ትናንት የተጠመደ ዓሣ ላይ ይፈካ ጀመር። የኢዱን አለቃ የሆነው ፕሮፌሰር ዓርብ ዕለት ከቡና ጋር የሚቀርበውን ጣፋጭ ቂጣ፣ ዋፍል፣ ሁለት በላ፤ ያ ሰው ሁለት ዋፍል ሲበላ የታየው ያኔ ብቻ ነው። የኢዱን አባት ቫልደማር፣ ቤተሰባቸው ከአምስት ትውልድ ጀምሮ ዓሣ በመርከብ የሚጭን ሰው፣ ሐሙስ ጠዋት መጥተው ሊያዩ ቀጠሮ ተያዘ። እሳቸው አይተው ከወደዱት፣ ፕሮፌሰሩ ጽሑፉን ለሳይንስ መጽሔት ይልካል፣ ኢዱን ክሩን ለማምረት ለሁለት ዓመት ሃምቡርግ ትሄዳለች።

እንግዲህ ማክሰኞ የታጠቡ ብልቃጦች ይዤ ጨለማ ክፍሏ ገባሁ። እሷ የለችም፤ ወይንጠጅ መብራቷ ግን በርቷል። ለሰው ሁሉ «መብራት አጥፉ» የሚል ወረቀት የምትለጥፍ ሴት የራሷን አታጠፋም። ቅርጫቱን ላስቀምጥ እጄን ስዘረጋ ከጣቴ ጫፍ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ሆኜ ቦግ አልኩ። የሸሚዜ እጅጌም ቦግ አለ። ቅርጫቱን አየሁ። ምንም ያልገባባቸው፣ ንጹሕ፣ ባዶ ብልቃጦች በየጥጋቸው እንደ ድመት ዓይን ያበራሉ።

እጄንም ሸሚዜንም ብልቃጦቹንም የነካው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ዓሣው ምንም አላለም። ሲያወራ የከረመው የእናቴ ሳሙና ነው።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የሚያምር ነገር እንዲህ ሲያስጠላኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

*

ምሳ አምስት ተኩል ላይ ነው። ሕንፃው ቢቃጠል እንኳ ምሳ አምስት ተኩል ላይ ነው። ኢዱን በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦዋን ፈትታ ቡናማውን አይብ ታስተካክላለች። አጠገቧ ቶርዲስ አለች፤ የቤቱን መሣሪያ ሁሉ የምትቆጣጠር፣ ለጡረታ አንድ ዓመት የቀራት፣ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ማንንም ላለማስቀየም ያልማለች።

«ኢዱን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት።

«የባሕር ወፏ ዛሬም ጫማዋን አውልቃ ገባች?» አለች ቶርዲስ። ዓርብ ዓርብ የእናቴን መስኮት አንኳኩታ፣ ጫማዋን አውልቃ ገብታ ዋፍል ስለምትበላ ወፍ ነግሬያቸው ነበር።

«አንቺን አይደለም።»

«እኔን አይደለም ይላል። ያንን አዲስ የመጣ ጀርመናዊ ተማሪ፣ የናይትሮጅኑ ጋን ካልተዘፈነለት አይከፈትም ብለህ ሩብ ሰዓት ስታዘፍነው፣ ሄጄ ያስቆምኩት እኔ አይደለሁም?»

«ድምፁ ደህና ነበር።»

«ምኑ ነው ደህናው።»

«ተናገር ሩናር» አለች ኢዱን ቀና ሳትል።

«ከመጋቢት ጀምሮ ብልቃጦችሽን የማጥበው በልብስ ሳሙና ነው። ልብስ የሚያነጣው ቅመም በመብራትሽ ያበራል። ያየሽው የዓሣው ትነት አይደለም፤ ሳሙናው ነው።»

ቶርዲስ ቡናው ትን እስኪላት ሳቀች። ኢዱን አልሳቀችም። ዳቦዋን መልሳ በወረቀቱ ጠቀለለች፣ ጫፉን አጠፈች፣ ሌላውንም ጫፍ አጠፈች።

«ባለፈው ሳምንት ምን ብለህ ጻፍክልኝ?»

«ምን አልኩ?»

«‹ሃምቡርግ አትሂጂ፣ የዚያ አገር ዝናብ ጥራት የለውም።› ከዚያ በፊትስ? ‹ሃምቡርግ ለዕድሳት ተዘግቷል።›»

«እሱ ጨዋታ ነው።»

«አየህ። ጨዋታህ ሲያልቅ ወደ ሥራዬ መጣህ። ሰው በሰው ይቀናል፤ አንተ በፖሊመር ትቀናለህ።»

«ኢዱን፣ እጄ ራሱ...»

«ባዶውን በየቀኑ እለካለሁ» አለች። አሁን ቀና ብላ ነው። «ውኃ ብቻ የገባበት ብልቃጥ አለኝ። ዓሣውን ከመለካቴ በፊት እሱን እለካለሁ። ጨለማ ነው፣ ድቅድቅ። ሳሙናህ የሚያበራ ከሆነ ባዶው ለምን አያበራም? ንገረኝ።»

ልክ ነበረች። ባዶው ለምን አያበራም?

«አትሂጂ ማለት ፈልገህ ከሆነ» አለች እየተነሣች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው አትሂጂ በለኝ። ሳሙና ምን ያደርጋል?»

ሄደች። ቶርዲስ ሳቋ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«አንተ ግን ጅል ነህ?» አለችኝ። «ልጅቷ እኮ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቃል ስትጠብቅ ነው የከረመችው።»

ሰባት ወር የጠበቅሁትን ነገር የሰማሁት በተናደደችብኝ ቀን ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ለጠላት አይስጥ።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቫልደማር ኢዱንን ሊወስዱ መጥተው ማጠቢያ ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። በእኛ አገር ሚኒስትሩንም አንተ እንላለን፤ በእኚህ ሰው ፊት ግን ምላሴ ሳላዝዘው እርስዎ ይላል። ካፖርታቸው ላይ አንዲት የዝናብ ጠብታ አልነበረችም። በርገን ውስጥ። እንዴት እንደሚያደርጉት እግዚአብሔር ይወቅ።

«ሩናር አንተ ነህ» አሉኝ።

«ነኝ።»

«ኢዱን ስለ አንተ ታወራለች። ታስቃታለህ አሉ።»

«እሞክራለሁ።»

«መሳቅ ጥሩ ነው። እኛም ቤት አንድ የሚያስቅ ሰው ነበር፣ አጎቴ። ሁለት መርከብ አሰጠመ።»

ብልቃጦቹን እያደረቅሁ ሳጥናቸው ውስጥ መደርደር ያዝኩ።

«የሳሙናውንም ነግራኛለች» አሉ። «አልተቆጣሁም። ልጅቷ እንድትርቅህ አትፈልግም፤ እኔም በአንተ ዕድሜ ያላደረግሁት የለም። ነገ ግን ሁለት እንግዶች ይዤ ነው የምመጣው። ነገ ጨዋታ ባይኖር ደስ ይለኛል።»

«እውነት ቢሆንስ?»

ፈገግ አሉ። ክፉ ፈገግታ ቢሆን በተሻለ ነበር። ሕፃን አልጋዬ ሥር ዘንዶ አለ ሲል የሚያዩት ዓይነት አስተያየት ነው። «እውነት ቢሆን ኢዱን ታውቀው ነበር» አሉኝ። «ስድስት ዓመት ተምራለች።»

እኔ የተማርኩት ሳጥን መደርደር ነው። ሳጥኑ ሃያ አራት ቀዳዳ አለው። ሃያ ሦስት ብልቃጥ ሰካሁ፤ አንዷ ቀዳዳ ባዶ ቀረች። ሁልጊዜም ባዶ ትቀራለች። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዷ የት ሄደች ብዬ ኢዱንን ጠይቄያት «እሷን ራሴ ነኝ የማጥባት፣ ሌላ ሰው አይነካትም» ብላኝ ነበር። በጥጥ ጠቅልላ መሳቢያዋ ውስጥ ታስቀምጣታለች። ለውኃው። ለባዶው።

ባዶው በእሷ ብልቃጥ፣ ዓሣው በእኔ። ጥንቃቄዋ ነው ያታለላት። ሳሙና ደርሶባት የማታውቅ አንዲት ብልቃጥ በየማለዳው «ሁሉም ሰላም ነው» እያለች ስትመሰክር ከርማለች።

«ቫልደማር፣ ይቆዩ» ብዬ ስዞር በሩ ላይ ማንም የለም። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ኢዱን ከአባቷ ኋላ ስትራመድ የእግሬን ድምፅ ሰምታ ዞረች። ለአንድ አፍታ ቆመች። እጄን አነሣሁ። ፊቷን መለሰችና ሄደች። ጀርባዋን እስከ ደረጃው ድረስ አየሁት፤ ደረጃው ሩቅ ነበር።

*

ጨዋታ የሌለበት ደብዳቤ መጻፍ ዓለት መፈልፈል ነው። አራት ወረቀት ቀደድኩ። አንደኛው ላይ ወፏ ገባች። ሁለተኛው ላይ ካፒቴኑ። ሦስተኛው ላይ እኔ ራሴ የልዑል ልጅ ሆንኩ። አራተኛው «ቀልድ አይደለም» ብሎ ስለሚጀምር እኔም አላመንኩት። አምስተኛው ይህ ነበር፦

«ኢዱን። ብልቃጦቹ ሃያ አራት ናቸው። ወደ እኔ የሚመጡት ሃያ ሦስት ናቸው። ባዶውን የምትለኪው እኔ በማላጥባት ነው። የእኔን አንዷን ውኃ ብቻ ሞልተሽ እያት። ካላበራች ዳግመኛ አታናግሪኝ። ካበራች ከአባትሽ በፊት ብታውቂው ይሻላል። ሌላው ነገር፣ አትሂጂ። ይህን የምልሽ ከሳሙናው ጋር ሳላያይዝ ነው። ክርሽ እውነተኛ ሆኖ የምትሄጂ ከሆነ ሻንጣሽን እስከ ወደቡ እሸከማለሁ፣ መንገድ ላይም ዝም እላለሁ። ሩናር።»

«ዝም እላለሁ» የሚለውን ስጽፍ እስክሪብቶው እጄ ላይ ከበደኝ። ወረቀቱን ጠቅልዬ ባዶዋ ቀዳዳ ውስጥ ሰክቼ ሳጥኑን ጠረጴዛዋ ላይ ተውኩት። ወደ ደሴታችን በምትወስደኝ ጀልባ ላይ ሰው ሰላም ቢለኝ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ። ሰው እውነት ጽፎ ምን እንደሚሰማው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፤ ልብስ ሳይለብሱ ገበያ እንደ መውጣት ነው።

*

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ላይ ኢዱን ማጠቢያ ክፍል ገባች። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጥሩ ልብሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን አስይዛለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። እጇ ላይ በጥጥ የተጠቀለለ ነገር አለ።

«ውኃ ሞልቼ አየኋት» አለች።

«እና?»

«አበራች። ያቺ ብቻ ትሆናለች አልኩ። ሃያ ሦስቱንም አየሁ።» ጥጡን ፈታች። «ይህችን እጠባት።»

«ያንቺን?»

«በሳሙናህ። እያየሁ።»

ሦስት ዓመት ማንም ያልነካትን ብልቃጥ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። ሕፃን እንደማጥብ አጠብኳት፣ እንደ ሁልጊዜው አለቀለቅኋት፣ ንጹሕ ውኃ ሞላኋት። ወደ ጨለማው ክፍል ወጣን። ኢዱን መብራቱን አበራች። ብልቃጧም በራች። ሰማያዊ ብርሃኗ በኢዱን ፊት ላይ ወጣ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ቆንጆ ነበረች፣ ይህን ማሰቤ ራሴን አናደደኝ።

«ሦስት ወር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ወር ሙሉ የእናትህን አንሶላ ስለካ ነው የከረምኩት።»

«አንሶላው...»

«ስለ ካፒቴኑ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ።»

አልተነፈስኩም።

«በብሩሽ አትፈትግ ብዬሃለሁ። በሙቅ ውኃ አትጠብ ብዬሃለሁ። በጥርስ ሳሙና አትሽ ብዬ ጽፌልሃለሁ፣ ያን የጻፍኩት አንተን ስለማውቅህ ነው። በልብስ ሳሙና አትጠብ አላልኩም። ማን ይላል? የትኛው ሰው ነው ቁጭ ብሎ ይህን የሚጽፈው?»

«ነጠብጣብ አለ ብለሽ ነው።»

«ነጠብጣቡ ምን ያደርገኝ ነበር?»

«ደስ እንዲልሽ ነው፣ ኢዱን። ሌላ ምንም የለውም።»

ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ በዚያ ጥሩ ልብሷ። «የአንድ ቀኑ ዓሣና የአራት ቀኑ እኩል ሲያበሩ አይቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «በሚያዝያ ወር። አይቼ ‹ክሩ በትነት ስለሞላ ነው› ብዬ አለፍኩ። ሁሉም ደስ ብሎት ነበራ። አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሥራዬ ጥያቄ ጠየቀኝ። አንተ ሳሙና ነው ያጠብክበት፤ እኔ ግን አይቼ ዝም አልኩ። የማን ይብሳል?»

ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ አበራ። አፍሬ መለስኩት።

ተነሣች፣ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ልነግራቸው ነው።»

«እኔ ልንገራቸው።»

«አንተን ማን ያምንሃል?» አለች፤ ስትወጣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ብትወረውረው ይቀለኝ ነበር።

*

ሽርጤን ሳላወልቅ ተከትያት ሄድኩ። የስብሰባው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ፕሮፌሰሩ፣ ቫልደማር፣ ሁለቱ እንግዶች፣ ቡና የምትቀዳው ቶርዲስ። ኢዱን ቆማለች።

«የምታዩት ነገር የለም» ስትል ሰማሁ። «ከመጋቢት ወዲህ ያለው ውጤት በሙሉ ስህተት ነው። ባዶውንና ዓሣውን በተለያየ ብልቃጥ ለካሁ። ብልቃጦቹ ቆሻሻ ነበረባቸው፤ ሳላጣራ ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጠበቅሁ። ሳሙናውን አላነሣችም። እኔንም አላነሣችም። ሁሉንም ነገር ብቻዋን ተሸክማ እዚያ ቆማ ነበር፣ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ። ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም።

«ሳሙናው የእኔ ነው» ብዬ ገባሁ። «በልብስ ሳሙና ያጠብኳቸው እኔ ነኝ።»

አንደኛው እንግዳ ፈገግ አለ። ፕሮፌሰሩ ዓይኑን ጨፈነ። «ሩናር፣ ዛሬ እንኳ» አለች ቶርዲስ፣ የቡናውን ቴርሞስ አስቀምጣ። ቫልደማር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለምኜህ ነበር» አሉኝ።

እዩልኝ እንግዲህ። ሰው በገዛ ጥፋቱ ቆሞ አጥፍቻለሁ ሲል «የሰው ጥፋት አትስረቅ» ይባላል? ለመሳቅም ለማልቀስም የማይመች ሁኔታ ነበር። ሌላ ነገር ልል አፌን ስከፍት ኢዱን ቀደመችኝ።

«እውነቱን ነው» አለች። «ማክሰኞ ነገረኝ፣ አላመንኩትም። አባዬ፣ ትናንት ለአንተም ነግሮሃል፣ አላመንከውም። ባዶው ለምን እንደማያበራ ያወቀው እሱ ነው። የሳጥን ቀዳዳ ቆጥሮ። እኔ ስድስት ዓመት የተማርኩት አላወቅሁትም።»

ቫልደማር ዞረው አዩኝ፤ ትናንት ያዩትን ሽርጥ አልፈው፣ ውስጡ ያለውን ሰው። ፕሮፌሰሩ «ጽሑፉ አልተላከም» አለ ለራሱ፣ «አልተላከም፣ ተመስገን።»

ሰው አንድ ጊዜ «እውነቱን ነው» ቢለኝ ምን እንደሚመስል ሳስብ ኖሬያለሁ። ሲደርስ ቶርዲስ ቡና ቀድታ ሰጠችኝ፤ ኩባያውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

*

ከስብሰባው በኋላ ኢዱን ሳጥኑን ይዛ ማጠቢያ ክፍል መጣች። እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ሃያ አራቱንም» አለች። «በትክክለኛው ሳሙና። እያንዳንዷን አምስት አምስት ጊዜ። እኔም አጥባለሁ፣ ብቻህን አልተውህም።»

ጎን ለጎን ቆመን ማጠብ ጀመርን። እሷ ታለቀልቃለች፣ እኔ አደርቃለሁ። ውጭ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። አሥረኛዋ ብልቃጥ ላይ ስንደርስ «ሃምቡርግ ቀረ» አለች።

አደረቅሁ።

«ክሩ እውነቱን እስኪናገር ሌላ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ምናልባት ሦስት። ምናልባት ጭራሽ አይሆንም።»

አደረቅሁ።

«ዝም አልክ።»

«አዎ።»

«ደስ ብሎሃል።»

በአንድ ጊዜ ሰባት ውሸት መጣልኝ፣ ሁሉም ያማሩ፣ ሁሉም ለመውጣት የተሰለፉ። አሳለፍኳቸው። «ብሎኛል» አልኳት።

«ታስጠላለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ተናድጃለሁ፣ ሩናር። እስከ ገና እናደዳለሁ። እንዳታስቀኝ።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ። እሺ ስትል ደግሞ ይብሳል።»

እርጥብ እጇን ሳትጠርግ ሌላዋን ብልቃጥ ስታነሣ ትከሻዋ ትከሻዬ ላይ አረፈ። እስክታነሣው ጠበቅሁ። አላነሣችውም። ተናዳ ነበር፣ በደንብ፣ ከልቧ፤ ርቃኝ ሄዳ መናደድ ግን አልፈለገችም። ያ ትከሻ እንዴት እንደሚከብድ፣ እንዴትም ደስ እንደሚል፣ እውነት ብናገርም ማንም አያምነኝም።